ዕጣ፣ ማህበር ወይስ የተሠራ ቤት? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ለሚያስብ ሰው

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዷ ደሴ የምትሠራ ነርስ ናት። አዲስ አበባ ትሠራ በነበረ ጊዜ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባለች። የቁጠባ ደብተሯ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ወጣት ነው። ጓደኞቹ "ማህበር እንደራጅ" እያሉ ወጥረው ይዘውታል። ሦስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ስምንት ዓመት ሳዑዲ ሠርታ ተመልሳለች። ገንዘቡ በእጇ መሆኑን ስላወቀ ደላላው ገና ቁርስ ሳትበላ ይደውልላታል።

ሦስቱም ያሉኝ "የቱ ይሻላል?" ነው።

እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ የቤት ባለሙያ አይደለሁም። ግን ተመዝግቤ ዕጣ ጠብቄአለሁ። አንድ ጊዜ ልገዛ ስል ለጥቂት ተርፌአለሁ። አሁን የምኖረው በማህበር በሠራሁት ቤት ነው። ለሦስቱ በየተራ ከማስረዳ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዋጋ ነው። "ኮንዶሚኒየም ርካሽ፣ ማህበር መካከለኛ፣ ግዢ ውድ" ይባላል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ዕጣ ርካሽ የሚመስለን እስኪወጣ ድረስ የምንከፍለውን ኪራይ ስለማንደምርበት ነው።

እስቲ እንደምረው። በወር 4,000 ብር ኪራይ የሚከፍል ሰው በዓመት 48,000 ብር ያወጣል። አስር ዓመት ቢጠብቅ 480,000 ብር ነው። ይህም አከራዩ በአስር ዓመት ውስጥ አንድ ብር ካልጨመረ ነው። እንዲህ ያለ አከራይ ካላችሁ ጉልበት ሳሙ። ቁጥሩን በራሳችሁ ኪራይ ቀይሩና ድጋሚ አስሉት። ያ ገንዘብ የዕጣው ቤት ዋጋ አካል ነው።

ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ መመዘኛ ጊዜ ነው። መቼ እገባለሁ? ሁለተኛው ዛሬ ከኪስ የሚወጣው ነው። ጠቅላላ ዋጋው ሌላ፣ በአንዴ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ካርታው በማን ስም ነው፣ በላዩ ላይ ዕዳና እግድ አለ ወይ? አራተኛው መሬቱ ነው። ደሴ ላይ ይህ ከወረቀት እኩል ነው፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። አምስተኛው መውጫ ነው። ነገ ሥራ ብቀይር፣ ብታመም፣ ልሸጠው እችላለሁ ወይ?

ወሎ ላይ ነንና አንድ ስድስተኛም አለ፤ ወለድ። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የመጨረሻ ሳይሆን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ብድር ያለበትን አማራጭ ከመመዘን በፊት እዚህ ላይ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ መቁረጥ ይሻላል። ባንኮች በከፈቱት ከወለድ ነፃ አገልግሎት ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ የሚሸጥበት ሙራባሃ የሚባል አሠራር አለ። ለቤት ይሰጣሉ ወይ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት ነው የሚለውን በቀጥታ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ

የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። ደሴና ኮምቦልቻ የምናያቸው ኮንዶሚኒየሞች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ ግን አልዘለቀም። የክልል ከተማ ነዋሪ ቅድመ ክፍያው ከበደው፤ ቤቶቹም እንደታሰበው ፈላጊ አላገኙም። ስለዚህ ዛሬ ደሴ ላይ ሰው "ዕጣዬን እየጠበቅሁ ነው" ሲል አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባውን ማለቱ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ማስጠንቀቂያ። "እዚሁ ደሴ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ላስመዝግብህ፣ ለመዝጋቢው ይህን ያህል አምጣ" የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ ማስታወቂያውን በከተማ አስተዳደሩ ሰሌዳ ላይ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ እግሬ አውጪኝ በሉ።

የአዲስ አበባው አሠራር እንዲህ ነው። ሁለት ትልልቅ ምዝገባዎች ተደርገዋል፤ አንዱ በ1997፣ ሌላው በ2005። በ2005 ሦስት ፕሮግራም ነበር፤ 10/90፣ 20/80 እና 40/60። የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣቢው የሚከፍለው፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው መቶኛ ነው። 10/90 ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ሆኖ ስቱዲዮ ብቻ ነበር፤ በወር 187 ብር ለሦስት ዓመት። 20/80 ላይ በወር የሚቆጠበው ለስቱዲዮ 151፣ ለባለ አንድ መኝታ 274፣ ለባለ ሁለት 561፣ ለባለ ሦስት 685 ብር ነበር፤ ለአምስት ዓመት። 40/60 ከፍ ይላል፤ ባለ አንድ መኝታ 1,033፣ ባለ ሁለት 1,575፣ ባለ ሦስት 2,453 ብር።

ነርሷ የተመዘገበችው ለባለ አንድ መኝታ 20/80 ነው። 274 ብር በ60 ወር 16,440 ብር ይሆናል። ያኔ ሲሰላ ቅድመ ክፍያውን ይሸፍናል ተብሎ ነበር። ቤቱ የሚተላለፈው ግን ዕጣው በወጣ ጊዜ ባለው ዋጋ ነው። ስለዚህ የደረሰው ሰው ልዩነቱን ባንዴ አምጣ ይባላል። ዕጣ ደርሶት ቅድመ ክፍያ ፍለጋ ከዘመድ ዘመድ ሲዞር የከረመ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጊዜ እንምጣ። 13ኛው ዙር በየካቲት 2011 ወጣ፤ 51,229 ቤት ነበር። 14ኛው ዙር ሐምሌ 1 ቀን 2014 ወጣ፤ 25,491 ቤት፤ 18,648ቱ የ20/80፣ 6,843ቱ የ40/60። የ14ኛው 20/80 የተያዘው ለ1997 ተመዝጋቢዎች ነበር። አስቡት፤ ከ17 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ ላይ ወደ ኮምፒውተሩ የገባው መረጃ ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ስማቸው ወጥቶ እልል ያሉ ሰዎች ደስታቸው ሳምንት አልሞላም። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው።

ከሚወጣው ቤት 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶ ለአካል ጉዳተኞች ይያዛል። የቀረው 45 በመቶ ለሁሉም ነው። ነርሷ ሴትም የመንግሥት ሠራተኛም ናት፤ ይህ ይረዳታል። ግን ወረፋውን አያስቀርም።

ሰው ዕጣውን ከዕቁብ ጋር ያመሳስለዋል። አይመሳሰልም። ዕቁብ ላይ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው መጨረሻ እንደሆነ ያውቃል፤ ቀኑንም ያውቃል። እዚህ ቀን የለም።

ተራውን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። ቁጠባ ለረጅም ጊዜ ማቋረጥ አንዱ ነው፤ ስድስት ወር አከታትሎ ያልቆጠበ ከወረፋው የመውጣት አደጋ አለበት። ሌላው በራስ ወይም በትዳር ጓደኛ ስም ቤት ወይም ቦታ መኖር ነው። ባልና ሚስት የሚታዩት እንደ አንድ ሰው ነው። ዕጣ ደርሶ ቤቱ ከተረከበም በኋላ አምስት ዓመት መሸጥ አይቻልም፤ ማከራየት ይቻላል። ዛሬ ያለው ባለቤት ብዙ ጊዜ ተከራይ ያስገባው ለዚህ ነው።

በእኔ ሚዛን፦ ጊዜው ደካማ፣ የዛሬ ወጪው በጣም ጥሩ፣ ወረቀቱ ጥሩ፣ መውጫው ጠባብ። ቆጥባችሁ ከሆነ ቁጠባውን አታቋርጡ። ብቻ ሕይወታችሁን በእሱ ላይ አትገንቡ።

የቤት ማህበር

በክልላችን ከተሞች ለደመወዝተኛው ዋናው በር ይህ ነው። ከተማው ላይ ቤትም ቦታም የሌላቸው ሰዎች ይደራጃሉ። ከተገመተው የግንባታ ወጪ የተወሰነውን በዝግ ሂሳብ ያስገባሉ። ከዚያ መሬት ይጠብቃሉ። መሬቱ ላይ ያለው ገበሬ ካሳ ካልተከፈለው የሚነሣ ነገር የለም። ሲደርስ ቦታው ይሸነሸናል፣ ካርታና የግንባታ ፈቃድ ይወጣል፣ በዝግ የተያዘው ብር ግንባታው በሄደ ቁጥር ይለቀቃል።

እዚህም ዕጣ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ማህበሩ ቦታ ሲያገኝ የትኛው ፓርሴል (የተሸነሸነ ቦታ) የማን እንደሆነ የሚለየው በዕጣ ነው።

የእኛን ቀን አልረሳውም። ቁጥሮቹ ተጠቅልለው ቀይ የላስቲክ ባልዲ ውስጥ ገቡ። ከሰፈሩ አንዲት ትንሽ ልጅ ተጠራች። እጇን ሰደደች፣ አወጣች፣ ሰብሳቢያችን አነበበ። 17 ቁጥር የእኔ ሆነ። 16 ቁጥር የደረሰው መምህር ነበር፤ ቦታው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። የእኔ ደግሞ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው የክረምት ውኃ ጠርዙን እየበላ የሚያልፍበት ተዳፋት ሆኖ ተገኘ። መሠረት ከማውጣቴ በፊት ደጋፊ ግንብ መገንባት ነበረብኝ። ለግንቡ የሄደው ድንጋይና ሲሚንቶ አንድ ክፍል ቤት ያቆም ነበር። መምህሩ በዚያው ዓመት ቆርቆሮ ሲያለብስ እኔ ገና ድንጋይ እያስጠረብኩ ነበር።

መሬቱ ከወረቀት እኩል ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተኛች ከተማ ናት። ተዳፋቷ ብዙ ነው፤ የመሬት መንሸራተትም በደንብ የሚታወቅባት ናት። ክረምት ሲበረታ ግድግዳቸው የተሰነጠቀ ቤቶችን ማየት ብርቅ አይደለም። ማህበራችሁ ቦታ ሲሰጠው አባላቱ "ዕጣው ላይ የከፋው ለደረሰው ሁሉም ያዋጣል" ብለው ቀድመው ቃለ ጉባኤ ቢይዙ ምንኛ ጥሩ ነበር። እኛ አላሰብነውም። ዕጣው ከወጣ በኋላ ብታነሡት ጆሮ የሚሰጣችሁ የለም፤ ጠፍጣፋው የደረሰው ሰው ድንገት ሥራ ይበዛበታል።

ከመግባታችሁ በፊት ሰብሳቢውን ጠይቁ። ሂሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ሁለት ወይም ሦስት ፊርማ ከሌለው ይለፋችሁ። አባል በመሃል ቢወጣ ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል? ካሳው ተከፍሏል ወይስ "በሂደት ላይ" ነው? "በሂደት ላይ" የምትለው ቃል ዓመታት ትበላለች። የቅርቡ የውኃ መስመርና ትራንስፎርመር ምን ያህል ይርቃል? እኔ ገብቼ ለአንድ ዓመት ያህል ውኃ የምቀዳው በባጃጅ በመጣ ጀሪካን ነበር። ደግሞ አባላቱ በእውነት ቤት የሌላቸው ናቸው? ሌላ ቦታ ቤት ያለው አንድ ሰው ሲጋለጥ ማጣራቱ ማህበሩን በሙሉ ያቆመዋል።

ትዕግሥት ደግሞ በጠና ይጠይቃል። አንድ መሥሪያ ቤት ፋይላችንን ሁለት ጊዜ "ጠፍቷል" አለን። ሦስተኛው ጊዜ ጸሐፊዋ ከወንበሯ ሥር ካለ የብስኩት ካርቶን ውስጥ አወጣችው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የእያንዳንዱን ወረቀት ኮፒ በስልኬም በቤቴም አስቀምጣለሁ።

"ቦታውን ልሽጥልህ" የሚል የማህበር አባልም ይገጥማችኋል። ተጠንቀቁ። የሊዝ ቦታ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ሲተላለፍ የዋጋ ጭማሪው አብዛኛው የሻጩ አይሆንም፤ ሕጉ እንዲህ ያለውን ሽያጭ ለማስቀረት ነው የወጣው። ለዚህም ሻጮች በጓሮ በር ይዋዋላሉ። በጓሮ በር የገባ ሰው ሲከሰስ በፊት በር መግባት አይችልም።

ሚዛኑ፦ ጊዜው መካከለኛ፣ ወጪው በየደረጃው የሚከፈል በመሆኑ ለደመወዝተኛ የሚመች፣ ብድር ካልፈለጋችሁ ወለድ የለበትም፣ ወረቀቱ በመጨረሻ ጠንካራ። መሬቱ ግን የዕድል ነው።

የተሠራ ኮንዶሚኒየም ከባለ ዕጣ መግዛት

ደላላዎች በብዛት የሚያሳዩት ይህንን ነው። ቤቱ አለ፤ ገብታችሁ ታዩታላችሁ፤ በወር ውስጥ ልትገቡበት ትችላላችሁ። በጊዜ መመዘኛ ከሁሉ ይበልጣል። ችግሩ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ነው።

አምስት ዓመቱ ያልሞላ ቤት በውክልና ይሸጣል። ሻጩ ውክልና ይሰጣችኋል፣ አንዳንዴ የብድር ውል ይጨመርበታል፣ "ጊዜው ሲደርስ ስም ይዛወራል" ይባላል። ውክልና ግን ሰጪው ሲሞት አብሮት ይሞታል። ሰጪውም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ልጆቹ ወራሽ ሆነው ሲመጡ እናንተ በሕግ ዓይን ተከራይም አይደላችሁም።

የእኔ መትረፍ እዚህ ጋ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አግኝቼ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ጥሩ ቤት። ሻጩ ጨዋ ሰው ይመስላል። ቀብድ ልሰጥ ስል "ባለቤትዎስ?" አልኩት። "ሐይቅ ናት፣ እሷ ችግር የለባትም" አለኝ። "በስልክ ላናግራት" አልኩ። አይቀርብኝም ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ደወለላት፣ ስልኩን ሰጠኝ። "እህቴ፣ ስለ ቤቱ ሽያጭ ነው" ስላት መስመሩ ዝም አለ። ቀጥላም "የትኛው ቤት?" አለች። እኔም ቡናዬን ጨርሼ ወጣሁ።

የጋራ ንብረት የሆነ ቤት ሁለቱም ተጋቢዎች ካልፈረሙ አይሸጥም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ካልተፈረመ አይጸናም። ሽማግሌ የፈረመበት የመንደር ውል፣ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ቤት አያሻግርም። የባንክ ዕዳው አልቆ ከሆነም "አልቋል" የሚለውን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ተቀበሉ።

ወረቀቱ ከተስተካከለ ወደ ቤቱ። ብቻችሁን፣ ደላላው ሳይኖር፣ ማታ ሂዱ። ቧንቧውን ክፈቱ። ውኃ ላይኛው ፎቅ በየስንት ቀኑ እንደሚደርስ ጎረቤት ጠይቁ፤ ደረጃው ላይ የተደረደረው ጀሪካን ራሱ መልስ ነው። ሊፍት የለም፤ እናታችሁ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ አራተኛ ፎቅ ቤት ሳይሆን እስር ቤት ነው። ቅርጫና እርድ የሚከናወንበት የጋራ ቤት ከግቢው ጋር ተሠርቶ ነበር፤ አሁን ለምን እንደዋለ እዩ። አንዳንዱ ጋ ሱቅ ሆኗል፣ አንዳንዱ ጋ ተቆልፏል። በዓል ሲመጣ የግቢው ፍቅርም ጠብም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሌሎቹ አማራጮች በአጭሩ

የሊዝ ጨረታ ለመኖሪያ ቦታ 99 ዓመት ይሰጣል። አሸናፊው የሚለየው ባቀረበው የካሬ ሜትር ዋጋና የቅድመ ክፍያ መጠን ነው፤ ቅድመ ክፍያው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ወረቀቱ እንደ ዕንቁ የጠራ ነው። የምትወዳደሩት ግን ከነጋዴ ጋር ነው። በደመወዝ የሚገባበት ሰው ብዙ አላየሁም። ካርታ ያለው የግል ቤት መግዛትም ይቻላል፤ ከኮንዶሚኒየሙ የሚለየው መሬቱንም ማየት ስላለባችሁ ነው። የጨረቃ ቤትን አላነሣም። ርካሽ ነው፤ አንድ ቀን ዶዘር መጥቶ ሲያፈርሰው ግን ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም።

ኪራይ ደግሞ ውርደት አይደለም። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነውና እናንተ ያላችሁበት ከተማ ላይ ተጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሌላ ሳታገኙ ወደ ዝግ ሂሳብ የምታስገቡትን ገንዘብ ለመሰብሰብ ኪራይ ጥሩ መጠበቂያ ነው።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ፤ ስትመለሱ ትለብሳላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው።

ለግንባታ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደሴ ላይ ገንዘባችሁን የሚበላው ተዳፋቱ ነው፤ ቁፋሮና ደጋፊ ግንብ። ኮምቦልቻ ሜዳው ይበዛል፤ ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ ላይ ግን ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ቤቱን ያናውጠዋል። እሱ ተነሥቶ ሰሌክት (ተመርጦ የሚመጣ የመሙያ አፈር) ካልተሞላበት ወለሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ካርታ ይሥልባችኋል፤ የማይሸጥ ካርታ። ወደ ቦርከና ወንዝ የተጠጋ ቦታ ላይ ደግሞ የጎርፍ ምልክት ፈልጉ፤ የአጥር ግርጌ ላይ የቀረ ደለል ብዙ ይናገራል።

ኮምቦልቻ ሥራ ያለው ሰው ደሴ ቤት ሠርቶ መመላለስ ይችላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። የዕለት ሚኒባስ ሂሳቡን ግን እንደ ኪራዩ አድርጋችሁ ደምሩት። ጉም የወረደበት የሐምሌ ጠዋት ሐረጎ ላይ መኪና ሲሰለፍም አስቡ።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | መቼ ይገባል | ዛሬ የሚወጣ | ወረቀት | መሬት/ሕንፃ | መውጫ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአዲስ አበባ ዕጣ | ቀን የለውም | ጥቂት፣ በየወሩ | ጠንካራ | አትመርጡም | 5 ዓመት አይሸጥም |
| የቤት ማህበር | ዓመታት | በደረጃ | ሲያልቅ ጠንካራ | የቦታ ዕጣ ይወስናል | ሳይገነባ ከባድ |
| ኮንዶሚኒየም ግዢ | በሳምንታት | ሁሉም ባንዴ | እዚህ ይፈተናል | አይታችሁ ትገዛላችሁ | ካርታ ካለው ቀላል |
| የሊዝ ጨረታ | ግንባታው እስኪያልቅ | ከፍተኛ | በጣም ጠንካራ | ቀድማችሁ ታያላችሁ | ከግንባታ በኋላ ጥሩ |
| ኪራይ | ነገ | አነስተኛ | የተመዘገበ ውል | ካልተስማማ ትለቃላችሁ | በጣም ቀላል |

ለማን የቱ?

ለነርሷ ያልኳት፦ ቁጠባሽን አታቋርጪ፣ ግን ደሴ ላይ ማህበር ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። ማህበሩ በስምሽ ቦታ ሲሰጥሽ የአዲስ አበባው ተራሽ ላይ ምን ያመጣል? ሁለቱንም መያዝ ትችያለሽ ብሎ የሚነግርሽ ጎረቤት ነው፤ መልሱን ግን ከምዝገባው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አግኚ። መምረጥ ካለብሽ እኔ ማህበሩን እመርጣለሁ። ዕድሜሽ 40 ነው፤ ሌላ አስር ዓመት ኪራይ ከፍለሽ አዲስ አበባ ላይ ቤት ቢደርስሽ ደሴ ያለውን ሥራሽን ትተሽ ነው የምትገቢበት? አከራይተሽው ይሆናል። ያም ቢሆን እዚህ ኪራይ ቤት ውስጥ ሆነሽ ነው።

ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጅ፦ ገና ልጅ ነህ፣ ሚስት የለህም፣ ጊዜ አለህ። ማህበሩ ላንተ ነው። ቅድሚያ ግን ከእነዚያ ጓደኞችህ ጋር ስድስት ወር ዕቁብ ጣል። ዕቁብ በሰዓቱ የማይከፍል ሰው ዝግ ሂሳብም አይሞላም። ስድስት ወር ያለ ጭቅጭቅ ካለፈ ተደራጁ። ቦታው ከመሰጠቱ በፊት ያልኩትን ቃለ ጉባኤ አስይዙ፤ መጥፎው ዕጣ አንተ ላይ ሊወድቅ ይችላልና።

ለጡረተኛ ወላጅ ቤት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ምድር ላይ ያለ ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ። ከዚያ በላይ ያለውን ደላላው በቅናሽ ቢሰጣችሁም አትዩት። ትንሽ ልጅ ላላቸውም እንዲሁ ነው፤ ለእነሱ ግን ውኃው ከደረጃው ይቀድማል።

ለአክስቴ ልጅ የሚመቻት የተሠራ ቤት ነው። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ኖራለች፤ ሌላ ወረፋ አትጠብቅም። ሦስት ነገር ብቻ ነገርኳት። አምስት ዓመቱ ያለፈ፣ ካርታው በሻጩ ስም የወጣ። ሻጭና የትዳር ጓደኛው ሰነድ አረጋጋጭ ፊት አብረው የሚቀርቡ። ቤቱን ደግሞ በነሐሴ የምታየው። በጥር ሁሉም ቤት ያምራል፤ የግድግዳው እርጥበትና የጣራው ፍሳሽ የሚናገረው በነሐሴ ነው። ገንዘቡን በሙሉ እዚያ አታፍስሺም አልኳት፤ የስም ማዛወሪያ ክፍያ፣ የደላላ ኮሚሽንና የቤት ዕቃ እንዳለ ሰው ይረሳዋል።

ትናንት ማታ ቤቴ መጥታ ቡና እየጠጣን ደላላው ደወለ። "እመቤቴ፣ ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ነገ ቀብድ ካላስያዝሽ ያልፍሻል" አላት። "የካርታውን ኮፒ በቴሌግራም ላክልኝ፣ አሁን ነው የማስይዘው" አለችው። "እሺ፣ በሰዓት ውስጥ" ብሎ ዘጋ።

ሦስተኛው ቡና ተጠጣ። አልላከም።